ፋሲካን በሳምንት የሚያስቀድም ቀመር

ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት፣ ለኮምፒውተር መጻፍ ከባድ ሥራ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስም ይሁን ሌላ የጎጃም ደብር ተቀምጦ በቃሉ ያጠና ደቀ መዝሙር በጣቱ እየቆጠረ የሚያወጣውን፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ወንድሙ አሥራ አምስት መስመር በማይሞላ ፕሮግራም ይጨርሰዋል። ሁለቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ሲለያዩም የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ደቀ መዝሙሩ አይደለም።

ስሌቱን በ2018 ዓ.ም. እንየው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። ከ13ቱ አንዱን ላላለቀው ዘመን ትተን 12 እንይዛለን፤ ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት) 12 ይተርፋል፤ አበቅቴው ይኸው ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228 ይመጣል፤ በ30 ሲገደፍ 18፣ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ 12 እና 18፣ መጡ። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (እንደ ዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ስለሆነ 18 ላይ 7 ጨምረን 25 እናገኛለን። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች፣ ከእሷ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይሆናል። ተውሳኩ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2 ነው። ከዓርብ 2 ወደ ቅዳሜ 8 የሚዘለውን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በቃል በሚተላለፈው ሥርዓት ውስጥ ሁለት «እንዲህ ሲሆን ግን» አሉ። አንደኛው ቀሪው 1 ሲሆን ነው፤ አንዱ ተትቶ ወንበር አልቦ (ባዶ) ይሆናል። አልቦ በ19 ቢባዛ ያው አልቦ ነው፤ መጥቅዕ ግን 30 ይባላል። 2006 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። በዓለ መጥቅዕ መስከረም 30 ሐሙስ ዋለ፤ 30 እና 3፣ 33፤ ሲገደፍ 3። ነነዌ የካቲት 3 ገባች።

እዚህ ላይ የዘመናዊው ሒሳብ አጻጻፍ ውለታ ይታያል። ጀርመናዊው ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው ሥራ፣ በአንድ ቁጥር ሲገደፉ ቀሪያቸው አንድ የሆኑ ቁጥሮችን በሦስት መስመር «≡» አያይዞ ጻፋቸው። በ30 ሲገደፉ 0 ≡ 30 ናቸው። እንግዲያው ልዩ ደንብ አያስፈልግም፤ መጥቅዕን 0 ብለን እንቀጥል። 0 ከ14 በታች ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ «ጥቅምት 0» ይውላል። ጥቅምት 0 ማለት ከጥቅምት 1 በፊት ያለው ቀን ነው፤ ያውም መስከረም 30፣ ያው ሐሙስ። 0 እና 3፣ 3። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ነነዌ በየካቲት ስለምትገባ የካቲት 3። በቃል ሲጠና ለብቻው መያዝ የነበረበት ደንብ በምልክቱ ውስጥ ሟሟ። ጥሩ ምልክት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ለማስታወስ የምናወጣውን ጉልበት ያስቀርልናል። (ፕሮግራሙ «ጥቅምት 0» የሚባል ቀን የለም ብሎ እንዳይቆም ግን ቀኑን ከመስከረም 1 ጀምሮ በተከታታይ መቁጠር ነው።)

ሁለተኛው «እንዲህ ሲሆን ግን» ቀሪው ራሱ 0 ሲሆን የሚመጣው ነው። ከምንም ላይ አንድ መተው ስለማይቻል 19 እንደተረፈ ተቆጥሮ ወንበር 18 ይባላል። በመጀመሪያው ደንብ የቀናው ተማሪ ይህንንም በዚያው መንገድ ሊያቀልለው ይነሣል። 0 ሲቀነስ 1፣ −1። በ19 ሲገደፉ −1 ≡ 18 ናቸው። ምልክቱ እውነቱን ነው፤ ጋውስም ይፈርምበታል። እናም −1ን እንዳለ ወደ ቀጣዩ መስመር ያሳልፈዋል። −1 በ19 ተባዝቶ −19፤ በ30 ሲገደፍ 11። አበቅቴው −11፣ ሲገደፍ 19። ድምር 30። ማረጋገጫው አለፈ።

ትክክለኛው መጥቅዕ ግን 12 ነው፤ 18 በ19 ተባዝቶ 342፣ በ30 ሲገደፍ 12። −1 እና 18 አንድ የሆኑት በ19 ዓለም ውስጥ ብቻ ነው፤ ወደ 30 ዓለም ሲገቡ ዝምድናቸው ይቋረጣል። ምክንያቱም 19 ጊዜ 11፣ 209 ነው፤ ከ210 አንድ ያንሳል። ለዚህ ነው የ19 ዓመቱ ዑደት ሲያልቅ አበቅቴ እንደ ወትሮው በ11 ሳይሆን በ12 የሚዘለው። የድምሩ ማረጋገጫም ስሕተቱን ሊይዘው አይችልም፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ የትኛውንም ወንበር ብናስገባ፣ ስሕተቱንም ጨምሮ፣ ድምሩ 30 ይመጣል። ማረጋገጫ የምንለው ነገር ምን እንደሚያረጋግጥ ካልጠየቅን ያስተኛናል።

ይህ ስሕተት ተንኮለኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ነው። ቀሪው 0 የነበረበት ዓመት 2005 ነው። ትክክለኛው ጥቅምት 12 ሰኞ ነበር፤ 12 እና 6፣ 18። የተሳሳተው ጥቅምት 11 እሑድ፤ 11 እና 7፣ ያው 18። ነነዌ በሁለቱም መንገድ የካቲት 18። ቀጣዩ 2024 ነው፤ ሐሙስና ረቡዕ፣ 12 እና 3፣ 11 እና 4፣ ሁለቱም 15። ቀኑ በአንድ ሲቀንስ ተውሳኩ በአንድ ስለሚጨምር ይካካሳሉ። በ2043 ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል። 12 እና 8፣ 20፤ ነነዌ የካቲት 20፣ ፋሲካ ሚያዝያ 29። የተሳሳተው ዓርብ ላይ ያርፋል፤ 11 እና 2፣ 13፤ ነነዌ የካቲት 13፣ ፋሲካ ሚያዝያ 22። ከላይ ልብ በሉት ያልሁት ዝላይ ይኸው መጣ፤ ፕሮግራሙ ፋሲካን በሳምንት ያስቀድማል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ −19ን በ30 ገድፎ 11 ስለሚል ስሕተቱን በጨዋነት ደብቆ ያሳልፈዋል። ሌላው ቋንቋ ጃቫ −19 ብሎ ስለሚመልስ ነገሩ ያኔውኑ ይነቃል፤ ለዚህ ለዚህስ ባለጌው ይሻላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዓመተ ዓለሙ ላይ መጀመሪያ 18 ደምሮ ከዚያ በ19 መግደፍ። ለ7518፣ 7536 በ19 ሲገደፍ 12፤ ለ7543፣ 7561 ሲገደፍ 18።

ይህን ያህል የቆየሁበት የምልክትን ጠባይ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው። ምልክት ሁሉ አቋራጭ ነው፤ አቋራጩ የሚሠራበት ሁኔታ ደግሞ አለ። እጃችን የሚለምደው አቋራጩን ነው፤ ሁኔታው ምልክቱ ላይ አይጻፍም።

ከግዕዝ ቁጥር እንነሣ። ሃያ ምልክት አለው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። መሠረቱ የግሪክ የፊደል ቁጥር ነው፤ ባዶ ቦታ ስለሌለው ዜሮ አያስፈልገውም፣ 2008 ፳፻፰ ተብሎ ያልቃል። ለመመዝገብ ምንም አይጎድለውም። ማባዛት ሲመጣ ነው ጉዱ። ፳፬ን በ፴፮ እናባዛ፤ ፳ በ፴ ፮፻፣ ፳ በ፮ ፻፳፣ ፬ በ፴ ፻፳፣ ፬ በ፮ ፳፬፤ ድምሩ ፰፻፷፬። ልክ ነው፤ ነገር ግን ፪ በ፫ ፮ መሆኑን ማወቅ ፳ በ፴ ስንት እንደሆነ በዓይን አይነግርም፤ ፪ እና ፳ መልካቸው አይገናኝም። የማባዣ ሰንጠረዡን በዚህ ምልክት የሚያጠና ሰው የተደጋገመው ተቀንሶ 171 ጥንድ መያዝ አለበት። በ1፣ 2፣ 3 አጻጻፍ 45 ይበቃል፤ ሌላውን ዜሮዋ ትሠራለታለች።

ያቺው ዜሮ በሌላ በኩል ሌባ ናት። 5000 ላይ አንዲት ክብ ብትጨመር 50000 ነው። የፍሎረንስ የገንዘብ ለዋጮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1299 አባላቱ ሒሳብ መዝገብ ላይ በአዲሱ የቁጥር ምልክት እንዳይጽፉ የከለከለው ኋላ ቀር ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም። ዛሬም ቼክ ስንጽፍ ከቁጥሩ ጎን «አምስት ሺህ ብር ብቻ» የምንለው ለዚሁ ነው፤ «ብቻ» የምትለው ቃል ዜሮ የማትችለውን ጥበቃ ታደርጋለች።

የእኩልነት ምልክትን ነገር ለማስተማር የተቀመጠ ሁሉ ቢያስብበት እወዳለሁ። ሁለቱን ትይዩ መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1557 በመጽሐፍ ያወጣቸው የዌልሱ ሐኪም ሮበርት ሬኮርድ፣ ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ነው። ተማሪ ግን «=»ን የሚያነበው «ውጤቱ» ብሎ ነው፤ ካልኩሌተሩም ያንኑ ያጠናክርለታል። 8 + 4 = □ + 5 ስጡት፤ ሳጥኑ ውስጥ 12 ይጽፋል፣ አለዚያም ሁሉንም ደምሮ 17። የሚገባው 7 ነው። ደብተር ላይ ደግሞ እንዲህ ይመጣል፤ 12 ደብተር በ35 ብር ተገዝቶ 150 ብር ተከፈለ፣ ስንት ይቀራል? 12 × 35 = 420 − 150 = 270። መልሱ ትክክል ስለሆነ መምህሩ ምልክት አድርጎ ያልፈዋል። የተጻፈው ግን 420 ከ270 እኩል ነው ይላል።

ቁጥር ብቻ እስካለ ድረስ ይህ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው 2ሀ + 6 = 20 − 6 = 14 ÷ 2 = 7 ብሎ የለመደ ልጅ 5ሀ − 3 = 2ሀ + 9 ሲገጥመው ነው። ከግራ ጀምሮ «የሚሠራ» ነገር የለም፤ ሀ በሁለቱም በኩል ቆሟል። ያኔ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለው ደንብ ይመጣለታል፣ እሱም በተራው ሌላ መዘዝ ይዞ። ቁጥር ከደጀን ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ልብሱን የሚቀይር መንገደኛ አይደለም። የተደረገው ከሁለቱም ወገን እኩል መቀነስ ነው። ይህን ያልያዘ ልጅ 3ሀ = 12 ላይ ሲደርስ 3ን አሻግሮ ሀ = 12 − 3 ይላል፤ ደንቡን አክብሮ ነው የተሳሳተው። እኔ የምመክረው ሦስት ነገር ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ከአንድ «=» በላይ እንዳይጻፍ፣ መስመሮቹ «=»ን አስተካክለው አንዱ ከሌላው በታች እንዲወርዱ፣ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ 9 = 4 + 5 እና 7 + 2 = 3 + 6 የመሳሰሉት «እውነት ወይስ ሐሰት» ተብለው እንዲጠየቁ።

አርቢ ሌላ ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ትንሿን ቁጥር ከፊደሉ ትከሻ ላይ ከመስቀሉ በፊት «ካሬ»፣ «ኩብ» የሚባለው በአብዛኛው በቃል ወይም በቃል ምኅጻር ይጻፍ ነበር። ቃል ጥያቄ አያስነሣም፤ ቁጥር ግን ያስነሣል። ሀ³ × ሀ² = ሀ⁵ ከሆነ፣ አርቢዎቹ ይደመራሉ ማለት ነው። ታዲያ ሲካፈሉ ይቀነሱ፤ ሀ³ ÷ ሀ³ = ሀ⁰፣ ስለዚህ ሀ⁰ 1 ነው። አርቢው ½ ቢሆንስ? ሀ^½ በራሱ ተባዝቶ ሀ¹ ይሰጣል፤ እንግዲያው ስኩዌር ሩት ነው። ማንም ሳይጠይቅ ምልክቱ ራሱ ጠየቀ፣ መልሱንም ጠቆመ።

ድንበሩን ግን አልነገረንም። ⅓ እና 2/6 አንድ ቁጥር ናቸው። (−8)^⅓ ኩብ ሩት ነውና −2። (−8)^(2/6) ግን −8 በካሬ 64፣ የ64 ስድስተኛ ሩት 2። አንዱ ቁጥር ሁለት መልስ ሰጠ። አርቢን እንደ ክፍልፋይ ማቃለል የሚፈቀደው ከሥሩ ያለው ቁጥር ከዜሮ በላይ ሲሆን ነው፤ ይህ ፈቃድ አርቢው ላይ አልተጻፈም። ሳይን⁻¹(0.5) = 30° ሲባል ደግሞ ያቺው −1 ጭራሽ ሌላ ትርጉም ይዛ ትመጣለች፤ 1 ÷ ሳይን ብሎ የሚያነባት ተማሪ ጥፋቱ የራሱ ብቻ አይደለም።

የካልኩለሱ ፀብ ይታወቃል፤ የለውጥን ፍጥነት (ዴሪቬቲቭን) ለመጻፍ ኒውተን ፊደሉ አናት ላይ ነጥብ፣ ላይብኒዝ ክፍልፋይ የሚመስል አጻጻፍ። እንግሊዞች ነጥቡን ሙጭጭ ብለው ይዘው ሲቆዩ፣ የላይብኒዝን አጻጻፍ ወደ ካምብሪጅ ለማስገባት እ.ኤ.አ. በ1812 ተማሪዎች ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። የላይብኒዝ ምልክት ያሸነፈው መሐል ያለውን እንደ ክፍልፋይ የምናጣፋው ስለሚያስመስል ነው፤ በአንድ ተለዋዋጭ፣ በመጀመሪያው ዴሪቬቲቭ፣ እውነትም እንዳጣፋነው ይሠራል። ሦስት ተለዋዋጮች በአንድ ሕግ ሲታሰሩ ግን ∂ሀ/∂ለ × ∂ለ/∂ሐ × ∂ሐ/∂ሀ ስንት ነው? (∂ሀ/∂ለ ማለት ሐ ሳይነቃነቅ ለ ሲቀየር ሀ የሚቀየርበት መጠን ነው።) እጅ ሁሉንም ያጣፋና 1 ይላል። ሀ + ለ + ሐ = 0 ብለን እንፈትነው። ሀ = −ለ − ሐ፤ ሐ ሳይነቃነቅ ለ በአንድ ሲጨምር ሀ በአንድ ይቀንሳል፣ −1። ሌሎቹም እንዲሁ። ሦስት −1 ሲባዙ −1። ልዩነቱ የመጣው በእያንዳንዱ ክፍልፋይ የቆመው ተለዋዋጭ የተለያየ ስለሆነ ነው፤ የቆመው የትኛው እንደሆነ ምልክቱ አይናገርም። ፊዚክስ ውስጥ የጋዝ ሙቀት የሚያሠሉ ሰዎች ቅንፍ አድርገው የቆመውን ከግርጌ የሚጽፉት ተቸግረው ነው።

ፊደል መስጠት ራሱ አደጋ አለው። 1 + ½ + ¼ + … = ሰ እንበል። ሰ = 1 + ½ሰ፣ ስለዚህ ሰ = 2፤ ልክ ነው። አሁን 1 + 2 + 4 + 8 + … = ሰ። ሰ = 1 + 2ሰ፣ ስለዚህ ሰ = −1። እያደገ የሚሄድ የድምር ተርታ ከዜሮ በታች ወረደ! ሁለቱም ላይ የሠራነው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ግን የሌለን ነገር ሰ ብለን ስም አወጣንለት፣ ስም ያለው ነገር ደግሞ ያለ ይመስላል። የጣሊያኑ መነኩሴ ግራንዲ እ.ኤ.አ. በ1703 1 − 1 + 1 − 1 + … ½ ነው ሲል ላይብኒዝን የመሰለ ሰው ተቀብሎታል። ፈረንሳዊው ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ አንድ ቁጥር የማይጠጋ ተርታ ድምር የለውም ብሎ እስኪቆርጥ ድረስ ሦስቱ ነጥቦች ብዙ ሰው አሳስተዋል።

ገበያ ላይ የሚያጋጥመው ከዚህ ይቀልላል፤ ኪስ ስለሚነካ ግን አልዘለውም። አንድ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነው እንበል። 20% ጨመረ፣ 12,000። ከዚያ 20% ቀነሰ፤ ወደ ነበረበት አይመለስም፣ 9,600 ነው። «%» የስንት መቶኛ እንደሆነ አይናገርም፤ የመጀመሪያው 20 የ10,000፣ ሁለተኛው የ12,000 ነው። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም 20% ናቸው።

የሰዓት ምልክት ደግሞ የቀን ሠራተኛን ይጎዳል። 7:45 ማለት ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በነጥብ ሲጻፍ 7.75። ሒሳብ ሠራተኛው ሁለቱን ነጥቦች በአንድ ነጥብ ተክቶ 7.45 ብሎ ካስገባው፣ በሰዓት 60 ብር ሲታሰብ 465 ሊከፈለው የሚገባው ሰው 447 ይከፈለዋል። በቀን 18 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 468፤ ከአንድ ሙሉ ቀን ደመወዙ ይበልጣል። ኤክሴል ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ስለሆነ 7:45 ብሎ እንዳለ አስገብቶ መጀመሪያ በ24፣ ከዚያ በ60 ብር ማባዛት ነው። የውጤቱ ሳጥን የሰዓት መልክ ይዞ ከመጣ ወደ ቁጥር ይቀየር፤ አለዚያ ስሌቱ ልክ ሆኖ ሳጥኑ 0:00 ብሎ ያሳያል።